«እባክዎ» ብቻውን አይበቃም፦ ለደንበኛ የሚላክ ኢሜይል እንዴት ይጻፋል?

«ጉዳዩ፦ ስለማሳወቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ድርጅታችን ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ያዘዙትን ዕቃ በተባለው ጊዜ ማስረከብ ያልቻለ መሆኑን እየገለጽን፣ ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

እንዲህ ያለ ኢሜይል ደርሶት የማያውቅ ነጋዴ ማግኘት ይከብዳል። ቃላቱ ላይ ነውር የለም። «ያዘዙትን» ይላል እንጂ «ያዘዝሽውን» አይልም፤ ምስጋናም አለበት። ነገር ግን ይህ ኢሜይል የደረሳት ሴት ሀዋሳ ላይ ምግብ ቤት የከፈተች፣ ለሥጋ ማቆያ የሚሆን ትልቅ ማቀዝቀዣ ያዘዘችና ግማሹን ገንዘብ አስቀድማ የከፈለች ናት እንበል። አንብባ ስትጨርስ ስልኳን አንሥታ ከመደወል ሌላ ምርጫ የላትም። ማቀዝቀዣው አሁን የት ነው ያለው? መቼ ይደርሳል? ካልደረሰስ ገንዘቧ ይመለሳል? ኢሜይሉ ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም። «ትብብር» ያለውም ዝም ብላ እንድትጠብቅ ነው።

ለደንበኛ የሚጻፍ ጨዋ ኢሜይል የቋንቋውን ወግ መጠበቅ አለበት፤ ስም በትክክል ይጠራል፣ ግስ በአክብሮት ይረባል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚዘነጋው ደንበኛው የጠየቀውን ነገር አውቆ መሄድ እንዳለበት ነው። በአክብሮት ቃል ተሞልቶ መልስ የሌለው ኢሜይል እንግዳን «ኖር» ብሎ አስቀምጦ ውኃ እንኳ ሳያቀርቡ እንደ መተው ነው።

አብዛኛው ሠራተኛ የሥራ አማርኛን የተማረው ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ «ለ»፣ «ጉዳዩ»፣ ማኅተምና ግልባጭ ያለው ደብዳቤ ከቢሮ ወደ ቢሮ እንዲሄድ፣ መዝገብ ቤት ገብቶ እንዲቀመጥ የተሠራ ነው። ማን እንዳዘገየና ማን እንደሚያስተካክል መናገር አይጠበቅበትም፤ «አልተቻለም»፣ «ተገልጿል»፣ «ታሳቢ ይደረግልን» ይበቃዋል። ደንበኛ ግን መዝገብ ቤት የለውም። ኢሜይሉን የሚያነበው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ወይም ሱቁ ውስጥ ሰው እያስተናገደ፣ በስልኩ ነው።

ከመጻፍ በፊት

ሥራው የሚጀምረው ከማንበብ ነው። የደንበኛውን ኢሜይል እስከ መጨረሻው ያንብቡና ስንት ጥያቄ እንዳለበት ይቁጠሩ። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሰላምታውን፣ ምስጋናውንና የነገሩን አመጣጥ አስቀድሞ ዋናውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ይገፋዋል፤ አንዳንዴም «በነገራችን ላይ» ብሎ ነው የሚያስገባው። ሦስት ጥያቄ ያለው ኢሜይል ሦስት መልስ ይፈልጋል። ለአንዱ መልስ ከሌለ መቼ እንደሚገኝ ይነገራል።

ደንበኛው በላቲን ፊደል አማርኛ ጽፎ ከሆነ መልሱ በፊደላችን ይሁን። እንግሊዝኛ ጽፎ ከሆነ ደግሞ በእንግሊዝኛ። ቋንቋውን የመረጠው እሱ ነው።

ስም

ኢትዮጵያዊ በልማዱ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ከራሱ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ነው። ስለዚህ «አቶ»ም ሆነ «ወ/ሮ» የሚገቡት ከራሱ ስም ፊት ነው። ታላቁን ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁን «ክቡር ዶክተር ሀዲስ» ማለት ትክክል ነው፤ «ዶክተር ዓለማየሁ» ያለ ሰው ግን የጠራው አባታቸውን ነው። ይህ ስሕተት ዛሬ በብዛት የሚመጣው ለውጭ አገር ልማድ ከተሠሩ የደንበኛ መመዝገቢያ ፕሮግራሞች ነው። ፕሮግራሙ ማዕረጉን «የመጨረሻ ስም» ከሚለው ሣጥን ጋር እንዲያጣምር ተደርጎ ስለተሠራ ወይዘሮዋን በአባቷ ስም «ወ/ሮ ተስፋዬ» ብሎ ይጠራታል። እሷም ኢሜይሉ ለእሷ ይሁን ለሌላ ሰው ትጠራጠራለች።

ባለሁለት ቃል ስምም እንደዚሁ ያስቸግራል። ወልደ ማርያም፣ ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ ስሞች ክፍተት ተደርጎባቸው ሲመዘገቡ ፕሮግራሙ የፊተኛውን ቃል ብቻ ቆርጦ «ውድ ወልደ» ብሎ ይልካል። ስሙ ትርጉም የሚያገኘው ሁለቱ ቃላት አብረው ሲሆኑ ነውና ይህ ሰውን ያሳዝናል። ለብዙ ደንበኛ በአንድ ጊዜ የሚላክ ኢሜይል ካለ አስቀድሞ የስሞቹን ዝርዝር አንድ ሰው በዓይኑ ይየው። እንዲህ ያሉትን ስሞች ሲመዘገቡ ጀምሮ አንድ ሣጥን ውስጥ ማስገባት ደግሞ የበለጠ ይረዳል።

«ወ/ሮ» ወይስ «ወ/ት»? ደንበኛዋ ራሷ ካልጻፈች አይገምቱ። ወንድ ይሁን ሴት ከስሙ ብቻ የማይለይበትም ጊዜ አለ፤ ስንታየሁ፣ ደስታ፣ አዲስ የሚባሉ ወንዶችም ሴቶችም አሉ። እንዲህ ሲሆን ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ያለ ማዕረግ መጻፍ ወይም «ውድ ደንበኛችን» ማለት ያዋጣል። ደንበኛው ግን ኢሜይሉን ሲፈርም ዶ/ር፣ ኢንጂነር፣ ኮሎኔል፣ ቀሲስ፣ ፓስተር፣ ሼህ ወይም ሐጂ ብሎ ከሆነ በዚያው ይጠሩት። «ክቡር» እና «ክብርት» ለሚኒስትር፣ ለአምባሳደርና ለመሳሰሉት ይቆዩ። ለተራ የንግድ ደብዳቤ «ውድ» ይበቃል፤ ጠንከር ያለ ወግ የሚፈልግ ደንበኛ ሲሆን «የተከበሩ አቶ» ማለት ይቻላል።

አክብሮት ግሱ ውስጥ ነው

አንድን ሰው «ላክ»፣ «ላኪ» ወይም «ይላኩ» ማለት ይቻላል። ለማናውቀው ደንበኛ የሚሆነው «ይላኩ» ነው። ይህ አነጋገር ሌላም ጥቅም አለው፤ በእርስዎ የተጻፈ ኢሜይል ውስጥ የደንበኛው ጾታ የሚገለጥበት ቦታ ስለሌለ ስንታየሁም ደስታም ያለ ስሕተት ይስተናገዳሉ። ለአንድ ሰው ሳይሆን ለድርጅት ሲጻፍ ግን «እናንተ» ይቀናል፦ «ጥያቄያችሁ ደርሶናል፤ ናሙናውን ዛሬ ልከንላችኋል።»

የሚከፋው መቀላቀል ነው። «እባክዎ ደረሰኙን ላኩልን» ሲባል ዓረፍተ ነገሩ በእርስዎ ጀምሮ በእናንተ ያልቃል። «እርስዎ ያላችሁን ጥያቄ» የሚለውም እንደዚያው ነው። አንድ ኢሜይል ከሰላምታው እስከ ስንብቱ በአንድ አነጋገር ይሂድ፤ «እባክዎ ደረሰኙን ይላኩልን»፣ «ያለዎትን ጥያቄ»። ብዙውን ጊዜ ይህ ስሕተት የሚገባው ከድሮ ኢሜይል አንድ አንቀጽ ተቀድቶ ሲለጠፍ ነውና የተለጠፈውን ክፍል ደግመው ያንብቡ።

በየቢሮው በር ላይ «እባኮትን በሩን ይዝጉ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። «እርሶ»፣ «ያሎትን»፣ «እባኮትን» በንግግር ይሰማሉ። በጽሑፍ «እርስዎ»፣ «ያለዎትን»፣ «እባክዎን» ናቸው። ለበዓል የሚላከውም «እንኳን አደረሳችሁ» እንጂ «አደረሳቹ» አይደለም። ደንበኛ እንዲህ ያለውን ስሕተት አይቶ ምንም ላይል ይችላል፤ ድርጅቱ ለደብዳቤው ምን ያህል እንደተጠነቀቀ ግን ይመዝንበታል።

«እባክዎ» አንድ ጊዜ ከተጻፈ ይበቃል። «ይላኩልን» ራሱ የአክብሮት ልመና ነው፤ በየመስመሩ «እባክዎ» ሲጨመርበት ሰውየው ትዕግሥቱ ያለቀ ይመስላል። ለማለስለስ የሚረዳው «ቢ» ነው፦ «ቢልኩልን»፣ «ቢያሳውቁን ደስ ይለናል»። ደንበኛውን ከመንገዱ የሚያስወጣ ነገር ሲጠየቅ፣ ለምሳሌ አንድ ፎርም እንደገና እንዲሞላ ሲፈለግ፣ እንዲህ ማለት ያምራል። ቀኑ ሲያልፍ እርምጃ የሚከተለው ነገር ግን በ«ቢ» አይጻፍ። «እስከ ዓርብ ቢከፍሉን ደስ ይለናል» ያለ ድርጅት ቅዳሜ አገልግሎቱን ቢዘጋ ደንበኛው ተታለልኩ ይላል፤ እውነቱንም ነው። ቅዳሜ የሚዘጋ ከሆነ «እስከ ዓርብ ካልተከፈለ አገልግሎቱ ቅዳሜ ይቋረጣል» ብሎ መጻፍ ለደንበኛው ይበልጥ ማሰብ ነው።

«እናሳስባለን»፣ «እናስጠነቅቃለን»፣ «ማሳሰቢያ» የሚሉት ቃላት ለማስታወቂያ ሰሌዳ የተሠሩ ናቸው። ጥፋት ላልሠራ ደንበኛ ሲላኩ ተግሣጽ ይመስላሉ። «ልናስታውስዎ ወደድን» ወይም በቀላሉ «ቀኑ ማክሰኞ ያልቃል» ማለት ይቻላል።

ደንበኛው ራሱ በ«አንተ» ወይም በ«አንቺ» ቢጽፍስ? ምላሹ በእርስዎ ይቀጥል። ውጭ አገር ያደጉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በየቀኑ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ ታላቅንና ታናሽን በእንዲህ ያለ መንገድ አይለይም፤ «አንተ» ብለው የሚጽፉት ለመናቅ አይደለም። «አንተ በሉኝ፣ ልጅ ነኝ» ብሎ በግልጽ የጠየቀ ደንበኛ ሲኖር እንደ ጠየቀው ይደረግለት።

የሀዋሳዋ ደንበኛ ኢሜይል እንደገና ሲጻፍ

አሁን ወደ ማቀዝቀዣው እንሂድ። በመጀመሪያ «ጉዳዩ» የሚለው መስመር። በስልክ ላይ የሚታዩት ጥቂት ቃላት ብቻ ስለሆኑ ዋናው ነገር እዚያ ይግባ። «ስለማሳወቅ» ምንም አይናገርም። «ማቀዝቀዣዎ ሐሙስ መጋቢት 10 ይደርሳል» የሚል ርዕስ ያየች ሴት ኢሜይሉን ሳትከፍተው እንኳ ግማሹን መልስ አግኝታለች። ቀጥሎ አካሉ፦

«ውድ ወ/ሮ እገሊት፣

ማቀዝቀዣዎን ሰኞ የካቲት 30 ቀን እናስረክባለን ብለን ስላላስረከብን ይቅርታ እንጠይቃለን። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሷል። የጉምሩክ ሰነዱን ያሟላነው ዘግይተን ስለሆነ እስካሁን አልወጣም።

ሐሙስ መጋቢት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ሀዋሳ ምግብ ቤትዎ ድረስ እናመጣለን። የማጓጓዣውን ሒሳብ እኛ እንችላለን።

እስከዚያ መጠበቅ የማይመችዎ ከሆነ የከፈሉትን ቅድመ ክፍያ በሙሉ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ ባንክ ሒሳብዎ እንመልሳለን። የትኛው እንደሚሻልዎ እስከ ሰኞ መጋቢት 7 ቢያሳውቁን በዚያው መሠረት እንሠራለን።»

ይህ ኢሜይል ከፊተኛው በቃላት ይረዝማል፤ ለማንበብ ግን ይቀላል። ይቅርታው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ጊዜ ተነግሯል፣ አድራጊውም ታውቋል፤ ያላስረከብነው እኛ ነን። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ሲባል መጉላላቱ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። «ቅር አሰኝተንዎት ከሆነ» የሚለው ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ደንበኛዋ ቅር መሰኘቷን ጽፋ ሳለ «ከሆነ» ብሎ መጠራጠር ቃሏን አለማመን ነው።

ምክንያቱ በአንድ መስመር አልቋል። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች ሁለት ስሕተት ይሠራሉ። አንዳንዶቹ የመርከቡን፣ የውጭ ምንዛሪውንና የአስተላላፊውን ታሪክ ሁሉ ይዘረዝራሉ፤ ደንበኛዋ ግን ቀኑን ነው የምትፈልገው። ሌሎቹ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ብለው ያልፉታል። ይህ ሐረግ የጨዋነት ማስጌጫ ሆኖ ቢለመድም ሕጋዊ ክብደት አለው። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ምን እንደሆነ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1792 ተርጉሞታል፤ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር መሆን አለበት። ሰነድ ዘግይቶ ማቅረብ እዚህ ውስጥ አይገባም።

«ሲስተም የለም» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። በየመስኮቱ ስለሚሰማ ሰው ሰልችቶታል። ኢሜይል ላይ ምን እንደቆመና እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ፦ «የክፍያ መቀበያ ፕሮግራማችን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አይሠራም። ክፍያዎ አልጠፋም። ነገ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተመዝግቦ ደረሰኙን እንልክልዎታለን።» መካከለኛው ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ቃል ብቻ የሆነው፣ ደንበኛው ሌሊቱን እንዲተኛ የሚያደርገው እሱ ነው።

«በቅርቡ»፣ «በአጭር ጊዜ ውስጥ»፣ «እንደተመቻቸ» ሲጻፉ ደንበኛው የራሱን ቀን ይሰጣቸዋል፤ እሱ የሚሰጠው ቀን ደግሞ ሁልጊዜ ከእናንተ ይቀድማል። ትክክለኛው ቀን ካልታወቀ የሚቀጥለው ዜና የሚነገርበት ቀን ይጻፍ፦ «ዕቃው የሚወጣበትን ቀን ገና አላወቅንም፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የደረስንበትን እንጽፍልዎታለን።» ረቡዕም ዜና ባይኖር እንኳ ይጻፍ።

እምቢታና ገንዘብ

አይሆንም ማለት ለብዙ ሰው ይከብደዋል። ስለዚህ «እንመለከተዋለን»፣ «እንሞክራለን» ተብሎ ይጻፋል፣ ደንበኛውም ተስፋ አድርጎ ይጠብቃል፣ ሌላ ሻጭ የሚፈልግበትን ጊዜም ያጣል። መልሱ አይሆንም ከሆነ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ይነገር፤ ምክንያቱ ይከተል፤ ካለ አማራጭ ይቅረብ። «የጠየቁትን የ10 በመቶ ቅናሽ ማድረግ አልቻልንም። በዚህ ዋጋ ላይ የቀረን ትርፍ ያን ያህል አይደለም። ከ5 በላይ ካዘዙ ግን ማጓጓዣውን እንችልልዎታለን።» ይህን ያነበበ ደንበኛ ላይስማማ ይችላል፤ የት እንደቆመ ግን ያውቃል።

ዕቃ ልመልስ ለሚል ደንበኛ ግን መልስ ከመስጠት በፊት ሕጉን ማየት ያስፈልጋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን የሱቅ ማስታወቂያ ወደ ኢሜይል መገልበጥ አደጋ አለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በጨዋ አማርኛ የተጻፈ ሕገ ወጥ እምቢታ ያው ሕገ ወጥ ነው።

ቀሪ ክፍያ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ኢሜይል ደንበኛው ከፍሎ ሊሆን ይችላል ብሎ ይነሣ። ገንዘቡ ገብቶ ያልተመዘገበበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ከፍሎ ሳለ እንደ ዕዳ ሸሺ የተጻፈለት ደንበኛም ቶሎ አይረሳም። «የካቲት 12 ቀን ለወሰዱት ዕቃ 46,000 ብር ቀሪ ክፍያ በመዝገባችን ላይ ይታያል። የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ታስቦበታል። ከፍለው ከሆነ የባንኩን ወይም የቴሌብሩን የግብይት ቁጥር ይላኩልን፤ ወዲያው እናስተካክላለን። ካልሆነ እስከ መጋቢት 15 ቀን ቢከፍሉን እናመሰግናለን።» የብሩ መጠን፣ ቀኑ፣ ታክሱ ታስቦ እንደሆነና እንዳልሆነ ሁሉም ተነግሯል። የሚስጥር ቁጥር ወይም የይለፍ ቃል በኢሜይል በፍጹም አይጠየቅ። አጭበርባሪዎች የሚጠይቁት እሱን ስለሆነ፣ የማይጠይቅ ድርጅት «እኛ የሚስጥር ቁጥርዎን አንጠይቅም» ብሎ ቢጽፍ መልካም ነው።

አንዳንዴ ለምን እንዳልከፈለ የተጠየቀ ደንበኛ «ሐዘን ላይ ነበርኩ» ብሎ ይመልሳል። እዚህ ላይ ሒሳብ ክፍሉ ቆም ይበል። የዚያን ቀን ኢሜይል ማጽናኛ ይሁን፤ ገንዘብ አይጠየቅበት። «በደረሰብዎ ሐዘን ከልብ አዝነናል። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ መጽናናትን እንመኛለን። ስለ ሒሳቡ ሲረጋጉ እንነጋገራለን።» ሃይማኖቱን የምናውቀው ሰው ከሆነ እሱ በለመደው ቃል ማጽናናት ይቻላል፤ ካላወቅን «መጽናናትን» ሁሉንም ያስማማል። ገንዘቡ ከአርባ ቀን በኋላ ቢጠየቅ የሚጎዳ ድርጅት እምብዛም አይኖርም።

ለበዓል የሚላክ መልካም ምኞት ከሒሳብ ጋር አይቀላቀል። ሃይማኖታቸውን ለማናውቃቸው ደንበኞች መስከረም 1 ቀን የሚላከው የአዲስ ዓመት ሰላምታ ለሁሉም ይሆናል።

ቀንና ሰዓት

ባሕር ማዶ ደንበኛ ላለው ድርጅት ይህ ክፍል ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። «5/7/2018» ብሎ የጻፈ ጸሐፊ መጋቢት 5ን ማለቱ ነው። ዋሽንግተን ያለ ደንበኛ ግን ሜይ 7 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ለንደን ያለው ደግሞ ጁላይ 5። ዓመቱም ካለፈ ቆይቷልና ሁለቱም ግራ ይጋባሉ። የወሩ ስም በቃል ይጻፍ፣ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይቀመጥ፦ «ሐሙስ መጋቢት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2026)»። የሳምንቱ ቀን መጨመሩ ዋጋ አለው፤ በቁጥሩ ላይ ስሕተት ቢኖር ወዲያው ይጋለጣል።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት እንደውልልዎታለን» የሚለው አዲስ አበባ ላለ ሰው ግልጽ ነው። ዱባይ ላይ ግን የሰዓት አቆጣጠሩም ይለያል፣ ሰዓቱም በአንድ ይቀድመናል። ሪያድና ኩዌት ከእኛ ጋር እኩል ናቸው። እስራኤል በበጋዋ ከእኛ ጋር ትገጥምና በክረምቷ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ዋሽንግተን ከማርች እስከ ኖቬምበር በ7፣ በቀሩት ወራት በ8 ሰዓት ከእኛ ኋላ ነው። ስለዚህ ለዋሽንግተን ደንበኛ በማርች መጨረሻ ሲጻፍ «በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በዋሽንግተን እኩለ ቀን ላይ» ተብሎ ሁለቱም ይቀመጣል። ሒሳቡን ደንበኛው እንዲሠራው አይተዉለት።

ስንብትና የመጨረሻው ፍተሻ

«ከሰላምታ ጋር» ወይም «ከአክብሮት ጋር» ካሉ በኋላ የሰው ስም ይከተል። «የደንበኞች አገልግሎት ክፍል» ብቻ ብሎ የፈረመ ኢሜይል ደንበኛው ተመልሶ ሲመጣ ማንን ልጠይቅ እንዲል ያደርገዋል። ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ በቀጥታ የሚያገናኝ ስልክና የሥራ ሰዓት ይጻፉ። ስልኩ ላይ የአገሩ ቁጥር +251 ይግባ። «ለዚህ ኢሜይል ምላሽ አይስጡ» ከሚል አድራሻ ይቅርታ መላክ ደግሞ ጨርሶ አይገባም፤ ይቅርታ የተጠየቀ ሰው መልስ የመስጠት መብት አለው።

ኢሜይል እንደ ወሬ ተቆጥሮ የሚታለፍበት ዘመን አልፏል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተላለፈ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው አድርጓል። «በሙሉ እንመልሳለን» ብለው ከጻፉ በሙሉ ለመመለስ ፈቃድ ያለው ሰው አስቀድሞ ይስማማበት።

አንድ ኢሜይል ለብዙ ደንበኞች ሲላክ አድራሻዎቹ በድብቅ ግልባጭ መስመር ውስጥ ይግቡ። የሁሉንም አድራሻ ለሁሉም ማሳየት ነውር ከመሆኑም በላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሕግ ጥያቄም ያስነሣል።

ጽሑፉ የመጣው በድሮ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ከተጻፈ ሰነድ ከሆነ ሌላ ፍተሻ ይጠብቀዋል። ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ ፊደሎች የተጻፈ አማርኛ ተቀድቶ ኢሜይል ላይ ሲለጠፍ በላኪው ኮምፒውተር ላይ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ያ ፊደል የሌለው ደንበኛ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘባረቀበት ነገር ነው የሚደርሰው። ኢሜይሉን በመጀመሪያ ወደ ራስዎ አድራሻ ይላኩና በስልክ ይክፈቱት። ፊደሉ ይነበብ እንደሆነ፣ ርዕሱ ሳይቆረጥ ይታይ እንደሆነ፣ «ተያይዟል» የተባለው ደረሰኝ በእርግጥ ተያይዞ እንደሆነና ሲነካ ይከፈት እንደሆነ ይዩ። ከዚያ የደንበኛውን ስም አንድ ጊዜ ደግመው ከራሱ ኢሜይል ጋር ያመሳክሩና ይላኩት።